ራዳሩ ደረቅ ያለው ሰፈር

ውሃ ጥቁር ነው ብሎ ያስተማረኝን ሰውዬ ዛሬ ባገኘው፣ ጫማውን እንኳ ሳላስወልቅ እናቴ የምትኖርበት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወስጄ እስከ ጉልበቱ እነክረው ነበር። ከዚያ «እስቲ አሁን ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከውጭ መጥቶ ሁለት ሳምንት አስተምሮን የሄደ ሰው ነው። አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ውስጥ ሥዕል እያሳየ «በራዳር ሥዕል ላይ ውሃ ጥቁር ነው» አለን፤ እኛም ደብተራችን ላይ ጻፍነው። አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ «ሁልጊዜ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ንዴቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሥራዬ ከሰማይ የተነሡ ሥዕሎችን እያየሁ ካርታ መሥራት ነበር። ቢሮአችን ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ የአለቃዬ፣ አንዱ የእኛ። ጎርፍ ሲመጣ የእርዳታ ኮሚቴው የእኛን ካርታ ይጠብቃል። ካርታው ላይ ሰማያዊ የተቀባ ሰፈር ፓምፕና ድንኳን ይላክለታል፤ ያልተቀባ ግን ቢጮህም የሚሰማው የለም። ኮምፒውተሬን በጣቴ በነካሁ ቁጥር ለአንዱ እየሰጠሁ ለሌላው እየነሣሁ እንደነበር ያኔ አይገባኝም ነበር።

ሳተላይት ላይ የሚጫኑት ዓይኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፓሲቭ ይባላል። ራሱ ምንም አይልክም፤ የመጣለትን ይቀበላል። ፀሐይ ምድርን ታበራለች፣ ከምድር የተመለሰውን ብርሃን እሱ ይሰበስባል፤ የእጅ ስልካችን ካሜራም ቀን ቀን ሥራው ይኸው ነው። ምድር ራሷ የምትተፋውን ሙቀት የሚያነበውም ከዚሁ ወገን ነው። ለእሱ ፀሐይ ብትጠልቅም ግድ የለውም፤ ቢሆንም የሚጠብቀው ሌላው የሚሰጠውን ነው። ሁለተኛው አክቲቭ ይባላል። እሱ የማንንም ብርሃን አይጠብቅም። የራሱን ሞገድ ወደ ምድር ይልክና ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እንደተመለሰለት ይለካል። ራዳር ማለት ይኸው ነው። ለእናቴ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አንዱ ጨረቃ እስክትወጣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሌላው ባትሪውን አብርቶ ዕቃውን ይፈልጋል።

«ታዲያ ባትሪ ያለው ሰው ጨረቃ ምን ታደርግለታለች?» አለችኝ።

«አትናቂያት እማዬ» አልኳት። እውነቴን ነበር። በበጋ ፓሲቩን የሚያህል የለም። የባሚያውን እርሻ ከከብት መኖው፣ የጥቁር ዓባይን ቡኒ ውሃ ከነጭ ዓባይ ፈዛዛ ውሃ ለይቶ ያሳየኛል። ራዳር ቀለም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሸካራውን ከለስላሳው፣ እርጥቡን ከደረቁ፣ የመለሰለትን ካልመለሰለት ነው። ግን ክረምት ሲገባ መጀመሪያ አቧራው፣ ቀጥሎ ደመናው ከተማውን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ፓሲቩ በምንፈልገው ሰዓት ይታወርብናል። ራዳሩ ደመናውንም አቧራውንም አልፎ፣ ቀን ሆነ ሌሊት ሳይል ያያል። ስለዚህ በክረምት ጌታው ራዳር ነው። እኛም እንደ ጌታ አመንነው።

እናቴ ከጎንደር መጥታ ሱዳን ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሳጃና ሰፈር የአበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራለች፤ ጠዋት በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ ሞቷል። ሐጅ ዩሱፍ ያለውን ቤታችንን ጭቃ እየረገጠ፣ አንዱን ዙር እያደረቀ ሌላውን እየደረበበት በእጁ የሠራው እሱ ነው። እናቴ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ግድግዳውን ፍግና ጭቃ በተቀላቀለበት ልስን ታስለስነዋለች፤ ሱዳኖች ዚባላ ይሉታል። «አባትሽ እንዳይበርደው» ትላለች፣ ግድግዳውን እየነካች። ያ ልስን ከላይ ለሚመጣ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ይበቃል። እግሩ ሥር ለሚተኛ ውሃ ግን ምንም አያደርግለትም።

እናቴ አንድ ክፉ ልማድ አላት፤ ሁልጊዜ ደህና ናት። ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ ደህና ናት። አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን ከአገር ቤት ሲደውሉላት «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ? ልጆቹስ? ከብቱስ?» ብላ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ካደረሰች በኋላ ነው መርዶውን የነገረቻቸው። ሱዳኖቹም ከእሷ አይሻሉም። ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን «ኬፍ?»፣ እንዴት ነህ፣ ስትለው «ተማም፣ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» የሚልህ ሕዝብ ነው። ሁለቱ ልማድ አንድ ቤት ውስጥ ሲጋቡ ከዚያ ቤት እውነት የሚያወጣ ሰው አልተፈጠረም። እኔ የተወለድኩት ከዚህ ጋብቻ ነው፤ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረ አንድ ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ሁለት ቀን ሙሉ ሳያባራ ጣለ። እኔ ለሥራ እንዲቀርበኝ ብዬ አርካዊት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ከከተማው ምሥራቅ ያለው የጎርፍ መውረጃ ሞልቶ ፈሰሰ የሚል ወሬ ሰማን። የፓሲቩን ሥዕል ስከፍት ጥጥ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ደመና። ከቀትር በፊት የራዳሩ ሥዕል ደረሰ። እንደተማርኩት አደረግሁ። ከዚህ መጠን በታች የጠቆረ ሁሉ ውሃ ነው ብዬ ለኮምፒውተሩ ነገርኩት፣ እሱም ጥቁሩን ሁሉ ሰማያዊ ቀባው። ሜዳው ሰማያዊ ሆነ። የጡብ መሥሪያው ጉድጓድ ሰማያዊ ሆነ። የአንድ መጋዘን የሲሚንቶ ግቢ ሳይቀር ሰማያዊ ሆነ። የእናቴን ሰፈር ሳይ እንደ ሰርግ ቤት ያበራል፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለበትም። «ተመስገን» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት።

ለማረጋገጥ ደወልኩ። በራሴ የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ ጠይቄ ነበር።

«እማዬ፣ እንዴት ናችሁ? ዝናቡስ?»

«ደህና ነን ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? በላሽ?»

«ውሃ አልገባባችሁም አይደል?»

«ኧረ ሞያ ሹወያ ናት፣ ውሃዋ ትንሽ ናት። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።»

ራዳሩ ደህና ነው አለ፣ እናቴ ደህና ነን አለች። ሁለት ምስክር አንድ ቃል ሲናገር ዳኛ ምን ያደርጋል? ካርታውን ለአለቃዬ ሰጠሁት፣ እሱም ማኅተሙን መታበትና ለኮሚቴው ተላከ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የእናቴ ጎረቤት ደወለችልኝ። በዕድሜ የገፋች ሱዳናዊት ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ነው የምላት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እናትሽ ከዛባ ናት! ውሸታም! ውሃው የአልጋዋን እግር ሊጨርስ ነው። ዱቄቱን ጣሪያ ላይ ሰቅለነዋል። ኮሚቴውን ፓምፕ ብንለው ‹ኸላስ፣ አለቀ፣ የእናንተ ሰፈር በካርታው ደረቅ ነው› አለን። አንቺ ካርታ ቢሮ ትሠሪ የለ እንዴ? ይኼን ካርታ የሠራውን ሰው ፈልጊልኝ!»

እፈልገዋለሁ አልኳት። እኔ ነኝ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ የሰፈሩን የበጋ የራዳር ሥዕል አወጣሁና ከትናንቱ ጎን አስቀመጥኩት። ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት ያኔ ነው። ሰፈሩ በበጋም ያበራል፤ ግድግዳና ጣሪያ ያለበት ቦታ ሁሉ ያበራልና። ትናንት ግን ከበጋው በጣም በልጦ ያበራ ነበር። ደረቅ ሰፈር በሁለት ቀን ዝናብ እንዲህ ብሎ ብርሃን አይጨምርም። ነገሩ ገባኝ፣ ከገባኝም በኋላ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

አለቃዬ የተከበረ መሐንዲስ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ሁልጊዜ ዝግ ያለ ነው። በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ ስንት ነገር እንደቀበረ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ባሽሙሀንዲስ፣ ካርታው ስሕተት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት፣ ክፍሉ ገብቼ።

«ያ ቢቲ፣ ሳተላይት አይዋሽም።»

«ሳተላይቱማ አልዋሸም። እኛ ነን ማንበብ ያልቻልነው።»

ጠረጴዛዬ ላይ እጄን ለማፍታታት የምጨምቃት አንዲት የቴኒስ ኳስ ነበረች፤ ይዣት ገብቼ ነበር። ቢሮው መሐል ቆሜ በሰያፍ ወለሉ ላይ ወረወርኳት። ነጥራ በበሩ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ተንከባለለች። «ይኼ ባዶ ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ ነው» አልኩት። «የራዳሩ ሞገድ በሰያፍ ይመጣል፣ ለስላሳው ውሃ ላይ ነጥሮ ወደ ማዶ ይሄዳል። ለራዳሩ የሚመለስለት ነገር ስለሌለ ጥቁር ይጽፋል።» ኳሷን አምጥቼ አሁን ወለሉን ከግድግዳው ሥር መታሁባት። ከወለሉ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ እጄ ተመለሰች። «ሐጅ ዩሱፍ ይኼ ነው። ውሃው ወለል ሆኗል፣ ግድግዳዎቹም ቆመዋል። ሞገዱ ውሃውን መትቶ፣ ግድግዳውን መትቶ፣ ወደ ላከው ይመለሳል። ስለዚህ ውሃ የገባበት ሰፈር ከደረቁ ይበልጥ ያበራል።»

አለቃዬ ሳቀ። «ወላሂ ጥሩ አስተማሪ ይወጣሻል» አለ። «ግን ኮሚቴው የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፤ ጥቁር ውሃ ነው። ዛሬ ደግሞ የሚያበራውም ውሃ ነው እንበላቸው? ካርቱም በሙሉ ያበራል። ሁሉንም ሰማያዊ ልንቀባው ነው?»

«ሁሉንም አላልኩም። ከበጋው ይልቅ ብርሃን የጨመረውን ብቻ። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬአለሁ፣ ይዩዋቸው።»

አላያቸውም። «እናትሽ እዚያ ናት አይደል?» አለኝ፣ እንደሚያዝንልኝ ሆኖ።

ደሜ ፈላ። እናቴ እዚያ ባትሆን ኖሮ ይኼን ስሕተት መቼም ላላገኘው ነው፤ እናቴ እዚያ ስለሆነች ደግሞ ያገኘሁት አይታመንም። ይኼንኑ ነገርኩት። እሱ ግን ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀምሮ ነበር።

«የሚቀጥለው ሥዕል ይምጣ። እስከዚያም ደመናው ይገለጥ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህን አከብራለሁ። የአባቴም ቃል ነበር። ነገር ግን የጭቃ ግድግዳ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚቀጥለውን ሥዕል አይጠብቅም። ለኮሚቴው ራሴ ደወልኩ፤ «አዲሱ ካርታ ኺትም አለው?» አሉኝ። ማኅተሙ በአለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። የለውም አልኳቸው፣ ዘጉብኝ።

በዚያው ቀን የጥቁር ዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ሐጅ ዩሱፍ ሄድኩ። የተሳፈርኩበት ራክሻ፣ ባጃጁ፣ ውሃው ጋ ሲደርስ አልሄድም አለኝ፣ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን፣ የእኛ መንገድ ስደርስ ጉልበቴን አለፈኝ። ከሰማይ እንደ ሰርግ ቤት ያየሁት ሰፈር ያ ነው። ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው፣ እኔ ስሄድ እያዩኝ «ኬፍኪ ያ ቢቲ?» ይላሉ። እኔም «ተማም» እላለሁ። ተማም! ጉልበቴ ድረስ ጠልቄ!

እናቴ አልጋዋን ጡብ ላይ አውጥታ፣ እሷ አልጋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች።

«ምን አመጣሽ? ሥራ የለሽም?» አለችኝ።

በሕይወቴ እናቴ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። «ደህና ነን አልሽኝ! ጠየቅሁሽ እኮ! ደህና ነን፣ ሞያ ሹወያ አልሽኝ! እኔ አንቺን አምኜ፣ ያንን ማሽን አምኜ፣ ሰፈሩ ደረቅ ነው ብዬ ጽፌ ላክሁ! ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ገባሽ? ፓምፑ የቀረው በእኔ ነው!»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ በቀስታ «ምን ልበልሽ ኖሯል? ሰጠምኩ ልበልሽ? አልሰጠምኩም» አለች። «ደህና ናችሁ ወይ አልሽኝ፣ ደህና ነን አልኩሽ።»

ኻልቲ ከበሩ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አማርኛ ባትሰማም «ካርታ» የሚለውን ሰምታለች፣ ፊቴንም አይታለች። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። የለበሰችውን ቶብ ሰብሰብ አድርጋ «ያላ በይ፣ ዱቄቱን አውርጂልን፣ ቁመት አለሽ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ከአልጋዋ ወርዳ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እርጥበቱ ከውሃው በላይ አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ ነበር። «ጠዋት እዚህ ነበር» አለችና ዝቅ ያለ ቦታ አሳየችኝ። «ፓምፕ ቢመጣ ይተርፋል። ትናንት ቢመጣማ ምንም አይሆንም ነበር።» ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም። ስለ ግድግዳው የምታውቀውን ነው የነገረችኝ።

አልወጣም አለች። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ ኻልቲ «አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድ» ስላለቻት ተነሣች። በሩን ቆለፈችው። ውሃ ውስጥ የቆመ ቤት በር ቆልፋ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አድርጋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለቱን ይዤ ዋናው አስፋልት አጠገብ ከፍታ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው፤ ግማሹ የሰፈር ሰው እዚያ ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ ግድግዳችን ወደቀ። ቀጥሎ የኻልቲ፣ ከዚያ ያ የቤት ረድፍ አንድ በአንድ። ሰው አልሞተም፤ ሁሉም አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ለዚያ አመሰግናለሁ፤ ለሌላው ለማንም ምስጋና የለኝም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚቀጥለው የራዳር ሥዕል መጣ። የእኛ ሰፈር ጥቁር ነበር። አጉልቼ አየሁት። ሞገዱን ወደ ላይ የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ቀልጦ የጠፋ ጭቃና በላዩ የተኛ ለስላሳ ውሃ ብቻ ነው። ኳሷ በሩን አልፋ ሄዳለች። አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አየሽ? አሁን ውሃ ገባ። ቅቢው፣ ኺትሙን እመታበታለሁ።»

«ውሃውማ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ነበር» አልኩት። «አሁን የሆነው ግድግዳው መውደቁ ነው። ቤት እስኪፈርስ የማያምን ካርታ ነው የሠራነው፤ እርስዎም ቤቱ እስኪፈርስ ጠበቁ።»

«አላህ ከሪም» አለኝና ወደ ክፍሉ ሄደ። ቀባሁት። ምን ላድርግ፣ አልቀባም ብል ድንኳኑም ሊቀር ነው። ማኅተሙ ተመታበት፣ በዚያው ቀን ፓምፖቹ መጡ፣ ቤት ከሌለበት ሰፈር ውሃ ሲቀዱ ዋሉ። አለቃዬ ያንን ካርታ አሳትሞ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው እሱን ነው። ከዚያ ቢሮ እስክለቅ ድረስ በዚያ ኮሪደር ባለፍኩ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር።

ሁለቱን ሥዕሎች፣ ፊተኛውንና ኋለኛውን፣ አትሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዣቸው ሄድኩ። እናቴ አንድ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊተኛውን ሰጠኋት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእኛ ሰፈር ነው። ከሰማይ።»

«ያበራል» አለች፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ነገርኳት። የሚያበራው ውሃው ውስጥ ቆሞ የነበረው ግድግዳ ነው አልኳት። ከላይ የተላከውን እየተቀበለ መልሶ ይልክ ነበር፤ ውሃ ውስጥ ነኝ እያለ ነበር። እኔ አይቼው ደረቅ ነው ብዬ ጻፍኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ።

«አባትሽ የሠራው ነው ይኼ የሚያበራው?»

«አንዷ ነጥብ ሁለት ሦስት ቤት ትይዛለች እማዬ። የኻልቲም አለበት።» ፊቷን አየሁ። «አዎ። የእሱም አለበት።»

ጥቁሩን ሥዕል ሳታየው መለሰችልኝ። የሚያበራውን አራት አጥፋ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ አስገባችው። ቁልፉ አሁንም ጉያዋ ውስጥ ነበር፤ ክሩ አንገቷ ላይ ይታያል።

«ሁለተኛ ደህና ነሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ» አለች። «ደህና ነሽ ወይ ካልሽኝ ደህና ነኝ ነው የምልሽ፤ ሌላ መልስ አልተማርኩም። ውሃው የት ደረሰ በይኝ። ግድግዳው እንዴት ነው በይኝ።»

«እሺ» አልኳት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ግድግዳው እንዴት ነው እማዬ?»

«ወደቀ» አለች፤ ያን ጊዜ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊት ለፊቴ አለቀሰች።